ዓይኑን ጨፍኖ ያያቸው ተራሮች

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ የምኖርበት ሕንፃ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። እታች ፍራኦል ይኖራል፤ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እላይ እድላዊት ትኖራለች፤ ሳን ሆዜ አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ መሐል ነኝ። ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃው ላይ «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው» ሲባባሉ እየሰማሁ ሰለቸኝ። እሱ የእሷ መኪና ስትገባ ጠብቆ ቆሻሻ ሊጥል ይወጣል። ብቻውን የሚኖር ሰው ያን ያህል ቆሻሻ ከየት እንደሚያመጣ እግዜር ይወቀው።

ባለፈው መስከረም እድላዊት «አውሮፓን ላሳይዎት» ብላ ስትጋብዘኝ፣ ሻንጣ የሚያነሳልን ወንድ ያስፈልጋል ብዬ ፍራኦልን ጨመርኩት። እሷም እንቢ አላለች።

ሮም አራት ቀን ቆየን። ፍራኦል በአራት ቀን ውስጥ ሻንጣ ከማንሳት በቀር ምንም አላደረገም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ዙሪክ ልንበር ኤርፖርት ተቀምጠን ሳለ እድላዊት ስልኳን አሳየችን። ኩባንያዋ ወደ ቴክሳስ ሊያዛውራት ነው፤ መልሷንም ዛሬ ይጠብቃሉ።

«እሺ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ሴንድ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ» አለች። «ዙሪክ ስንወርድ እልከዋለሁ።»

«አሁን ለምን አትልኪውም?» አልኳት።

ፍራኦልን አየችው። እሱ ጫማውን ያያል።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ፣ ለጫማው የሚናገር ይመስል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሦስት ወንበር ጎን ለጎን ነው የተሰጠን፤ መስኮቱ ጋ ማን ይግባ?

«እትዬ ወርቅዬ፣ እርስዎ ይግቡ» አለችኝ እድላዊት።

«ኧረ እናንተ ልጆች ግቡና እዩ።»

«በማርያም፣ ይግቡ።»

ከኋላችን ሰልፉ እስከ በሩ ቆሟል። በዕድሜ ተሸንፌ ገባሁ። እድላዊት መሐል፣ ፍራኦል ዳር ተቀመጡ።

ሞተሩ ሲጮህ ፍራኦል ዓይኑን ጨፈነ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያን የሚያህል መኪና የሚነዳ ሰውዬ አውሮፕላን ይፈራል። ከሳን ፍራንሲስኮ ሮም ድረስ የእንቅልፍ ክኒን ውጦ ነው የመጣው፤ እሷ ደክሞት መስሏታል። ለአጭር በረራ ክኒን አያስፈልገኝም ብሎ ጉራውን ሲነዛብኝ ነበር።

«አሞሃል እንዴ?» አለችው።

«ደህና ነኝ።»

«ወንበሩን ልትነቅለው እኮ ነው።»

ወንበሩን ለቀቀ። «አውሮፕላን እፈራለሁ። ከድሮም።»

ትስቅበታለች ብዬ ሰጋሁ። አልሳቀችም።

አንድ ሰዓት ያህል እንደበረርን ከፊታችን ነጭ ነገር መጣ። ደመና ነው ብዬ ነበር፤ ተራራ ሆነ። ነጭ፣ ከነጩ ጀርባ ሌላ ነጭ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ፤ ዓይኔ መጨረሻውን አጣው። ፀሐይዋ አንዱን ጎኑን ወርቅ፣ ሌላውን ሰማያዊ አድርጋዋለች። እጄ ሳላዝዘው ደረቴ ላይ ሄደ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ዓለም ይህን ያህል ትልቅ መሆኗን እስከዛሬ ማን ደበቀኝ ብዬ ተቀየምኩ።

«ፍራኦል፣ እይ» አለች እድላዊት በእኔ ላይ ተንጠራርታ።

«አልችልም። አንቺ ንገሪኝ።»

ነገረችው። «በረዶ ነው፤ ሁሉም በረዶ። ከታች ሐይቅ አለ፤ አረንጓዴ ነው፣ የጣት ጥፍር ያክላል። በዳሩ እንደ ክር የቀጠነ መንገድ አለ፤ እየተጠማዘዘ ተራራው ላይ ይወጣል።»

«ዳገቱ እንዴት ነው?» አለ፣ ሹፌር አይደል።

«ከባድ ነው። አንተ ግን ትወጣዋለህ።»

እሷ ዝም ስትል «አታቁሚ» አላት።

«ቴክሳስ ስሄድስ ማን ይነግርሃል?»

 ፍራኦል ዓይኑን እንደጨፈነ፣ «አትሂጂ» አለ።

«ምን አልክ?»

«አትሂጂ። ሦስት ዓመት ባዶ ከረጢት ስጥል የኖርኩት አንቺን ለማየት ብዬ ነው።»

 እሷ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ወደ እሱ ዞረች።

«ዓይንህን ገልጠህ ድገመው» አለችው።

ገለጠ። መጀመሪያ እሷን አየ፤ ቀጥሎ በትከሻዋ በኩል ያንን ሁሉ ነጭ አየ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ግን ዓይኑን መልሶ አልጨፈነም። «አምላኬ» አለ ቀስ ብሎ። ስለ ተራራው ይሁን ስለ እሷ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ደገመው።

የቀረውን አላየሁም። አውሮፕላን ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ የተቀመጠ ትልቅ ሰው የት ይሄዳል? ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ አንገቴ እስኪደነዝዝ ድረስ ተራራዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው።

ዙሪክ አውሮፕላኑ ሲቆም እድላዊት ስልኳን ከፈተች። እሺ ያለችውን ዲሊት አድርጋ፣ «አመሰግናለሁ፤ ግን አልሄድም» ብላ ጻፈችና ሴንድ አደረገች። ሻንጣዎቹን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሻንጣ ሊያነሳልን የመጣው ሰው እጁ በእሷ እጅ ተይዞ ነበር።

ዛሬ እሷ ለእኛ በምትቀርበው ዩኒየን ሲቲ ሌላ ሥራ ይዛለች፤ ሁለቱም እላይ ነው የሚኖሩት። ቆሻሻውን አሁንም እሱ ይጥላል፤ በሳምንት አንዴ፣ ሙሉ ከረጢት። እንግዳ መጥቶ ስለ አውሮፓ ሲጠይቀኝ ሮምንም ዙሪክንም ዘልዬ ያንን በረዶ፣ ያንን ሐይቅ፣ ያንን መንገድ ነግሬው አልጨርስም።

«እትዬ፣ ያን ሁሉ መቼ አዩት?» ትለኛለች እድላዊት እየሳቀች።

«ምን ላድርግ» እላታለሁ፤ «ዞር ማለት አልቻልኩማ።»