የወንዝ አሻጋሪው ሚስት ስም

እስቲ ቀረብ ቀረብ በሉ። በሩ ተዘግቷል? መልካም።

ይህ የሆነው ዱሮ ነው፤ አገሩን አልነግራችሁም። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ፀሐይ ገብታ ሰው ከሰው መለየት የሚያቅትበት ሰዓት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ወደ ወንዝ ይወርዳል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ዐለት፣ ባንድ በኩል ገደል። ሰው የለም። ውሻ እንኳ አይጮህም።

ሰውየው እንዳላማው ይባላል። ብራና ጸሐፊ ነው። የቅዱሳን ገድል ይጽፋል፣ የባላባት ዘር ይጽፋል። በዚያን ቀንም ከአንድ ባላባት ቤት መመለሱ ነው።

ወንዙ ድልድይ የለውም። ታዲያ ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? በአያ ድንበሩ ጀርባ! አያ ድንበሩ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው እየተሸከመ ሲያሻግር ኖረ። ሙሽራ ተሸክሟል፣ በሽተኛ ተሸክሟል፣ ሬሳም ተሸክሟል። ልጅ የለውም። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ሦስት ጊዜ እንዳላማው ደጅ መጣ።

«ልጄ፣ የኖርኩትን ጻፍልኝ» አለው።

«አያ ድንበሩ፣ ውሃ ከመሻገር በቀር አንተ ምን ታሪክ አለህ? ብራና እኮ እንዲሁ አይገኝም!» ብሎ ሳቀ እንዳላማው።

አያ ድንበሩ ተነሥቶ ሄደ። በሐምሌ ጎርፍ ወሰደው። ሬሳውም አልተገኘም።

እንግዲህ ያን ምሽት እንዳላማው ከኋላው ሰማ። ምን ሰማ? ጠብ… ጠብ… ጠብ። የውሃ ጠብታ! በታኅሣሥ፣ በደረቅ መንገድ! ዞረ። ማንም የለም። አቧራው ላይ ግን እርጥብ የእግር ዳና አለ። ዳናው መጥቶ መጥቶ እሱ ራሱ ተረከዙ ሥር ይቆማል።

ፈጠነ። ጠብታውም ፈጠነ። ቆመ። ጠብታውም ቆመ። ከዚያ ጀርባው ከበደው። ሁለት ቀዝቃዛ ክንዶች አንገቱን አቀፉት። ጮኸ? በምን አንደበቱ ይጩኽ!

«እኔ ነኝ» አለ ድምፁ፣ በጆሮው። «አርባ ዓመት ሰው ተሸከምኩ። ዛሬ አንተ ተሸከመኝ።»

«አያ ድንበሩ… ምን ላድርግልህ?»

«ስማኝ።»

ሰማው። ወንዙ ዳር ተንበርክኮ፣ ያን ሸክም እንደተሸከመ ሌሊቱን ሙሉ ሰማው። አያ ድንበሩ በልጅነቱ፣ በረሃብ ዘመን፣ ወንድሙን ፍለጋ ከአገሩ መውጣቱን ተናገረ። ምጥ የያዛትን ሴት በውሃ ሙላት አሻግሮ፣ ልጁ እጁ ላይ ሲወለድ ማልቀሱን ተናገረ። ሲመሽ ማዶ እሳት አንድዳ ስለምትጠብቀው ሚስቱ ተናገረ።

«ውሃው ሲያዞረኝ እሳቷን አይቼ ነበር የምወጣው» አለ።

ሸክሙ እየቀለለ፣ እየቀለለ መጣ።

«አያ ድንበሩ፣ ስሟ ማን ነበር?»

«ስሟ…» አለ ድምፁ።

ዶሮ ጮኸ። የእንዳላማው ጀርባ ባዶ ሆነ።

ቤቱ ሮጠ። ለባላባቱ ፍቆ ያዘጋጀውን ብራና አውጥቶ ሁሉንም ጻፈ። ስሟ ጋ ሲደርስ ክፍት ቦታ ተወ። መንደሩን ዞሮ ጠየቀ። ሽማግሌ ጠየቀ፣ ቄስ ጠየቀ። «የአሻጋሪው ሚስት» ይሏታል እንጂ ስሟን የሚያውቅ ጠፋ። አንድ ሰው እንኳ ጠፋ!

ከዚያ ወዲህ ባላባት ቢጠራው አልሄደም። ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሄደ፣ ሸማኔው ቤት ሄደ፣ ብቻቸውን የቀሩ ባልቴቶች ደጅ ተቀመጠ። «ንገሩኝ፣ ልጻፍላችሁ» ይላል። ሁልጊዜም አስቀድሞ ስም ይጠይቃል። እንዲህ ሲል አረጀ። ያቺ ክፍት ቦታ ሳትሞላ ሞተ።

አሁን ስሙኝ። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚሄድ ሰው ከኋላው ብዕር ብራና ሲጭር ይሰማዋል። ዞር ሲል ማንም የለም። ጭረቱ ግን ይቀርባል፤ ይቀርባል፤ ጆሮው ሥር ይደርሳል። ከዚያ ያረጀ ድምፅ ይጠይቀዋል፦

«ስሟ ማን ነበር?»

ምን ብላችሁ ልትመልሱ ነው? ብቻችሁን አትሂዱ ልጆቼ። መሄድ ግድ ከሆነባችሁ አንድ ያረጀ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገዱንም ሁሉ እያጫወታችሁት፣ እየሰማችሁት ሂዱ። ምናልባት እሱ ያውቃት ይሆናል።