ዋግ ያልነካው መደብ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፥ ሐምሌ እንደ ገባ፥ ከደብረ ኤልያስ ቁልቁል በሚያዘነብለው ጥቁር መሬት ላይ ዝናሙ ሳያባራ ሰነበተ፤ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያትም ከአባቷ በወረሰችው ርስት ራስጌ ቆማ፥ አንድ እንግዳ ሰው በእርሻዋ ላይ ችካል ሲተክልና ገመድ ሲዘረጋ ትመለከት ነበር።

እንግዳው ወልደ ሩፋኤል ይባላል፤ አዳዲስ የስንዴ ዘር በገበሬ ማሳ ላይ እንዲሞክር ተልኮ ደብረ ማርቆስ የተቀመጠ፥ የሸዋ ተወላጅ የሆነ ወጣት የእርሻ ባለሙያ ነው። ባላገሩ ሁሉ ሲመልሰው እርሷ መሬት የሰጠችው ወዳ አልነበረም፤ ባሏ በሞተበት ዓመት ስንዴዋን ዋግ መትቶት፥ አገዳው እንደ ዝገት ቀልቶ፥ ከአውድማው ገለባ ብቻ ስለ ዛቀች ነው።

ወልደ ሩፋኤል የአገሩን ዘር ከአዲሶቹ ጎን ለጎን በየመደቡ ዘራ።

«አንድ ዝናም ይምታቸው፥ አንድ ፀሐይ ይያቸው፤ ከዚያ እሜቴ ራስዎ ይፈርዳሉ» አላት።

በመስከረም ማለቂያ ዋጉ መጣ። የአገሩ ዘር ቀላ፤ ከአዲሶቹም አብዛኞቹ ቀሉ፤ አንዱ መደብ ብቻ እንደ ለመለመ ቆመ። ወለተ ሐዋርያት ቅጠሉን አሸት አድርጋ ጣቶቿን ብታይ የዋጉ ቀይ ብናኝ የለባቸውም፥ ንጹሕ ናቸው፤ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ኅዳር ላይ ግን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ተሰማ። ርስት በመለኪያ ገመድ፥ በቀላድ፥ ሊለካ ነው፥ ከተለካ በኋላም ሊነጠቅ ነው የሚል ወሬ ከገበያ ገበያ ዞረ፤ ባላገሩም ጠመንጃውን ወለወለ። አገሬው መሪ ያደረገው ታላቅ ወንድሟ ግራዝማች አስማማው ከደጇ ደርሶ ከበቅሎው ወረደ።

«እቴ፥ ያን ገመድ ከአባታችን መሬት አንሺ።»

«ጋሼ፥ ገመዱ የዘር ነው፤ የግብር አይደለም።»

«አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔም አምንሻለሁ። ከጋራው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ገመድ ሁሉ አንድ ነው። ከእንግዲህ ሰዉን መመለስ አይሆንልኝም።»

ስንዴው ለአጨዳ ሲደርስ ወልደ ሩፋኤል መጣ፤ እርሷም ወንድሟ ያለውን ሳታስቀር ነገረችው።

«ገመድ አትዘርጋ፥ ልጄ። በዓይኔ አይቻለሁ፥ መልካም ዘር ነው ብለህ ለላኩህ ሰዎች ንገራቸው።»

«በዓይኔ ያየሁትን ማን ይቀበለኛል፥ እሜቴ? ከምን ያህል መሬት ምን ያህል እህል እንደ ወጣ ለክቼ ካላሳየሁ፥ ይህ ዘር እዚሁ ይቀራል፤ ለጎረቤትዎ አይደርስም።»

ወለተ ሐዋርያት ያን የቀላውን አገዳ አስታወሰች።

«እንግዲያው አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ» አለች፤ «በእኔ ላይ የሚተኩስ የአገር ልጅ የለም።»

ጧት ነበር፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። ወልደ ሩፋኤል ወደ ኋላው እየሄደ ገመዱን ሲወጥር፥ ከጋራው አንድ ጥይት ጮኸ። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ በኃይል ተሳበ፤ ከዚያም ላላ። ስትደርስለት ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር፤ ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማችም። በእርሷ ላይ የሚተኩስ የለም ማለቷ እውነት ሆነ፤ የተተኮሰው በእርሷ ላይ አልነበረምና።

ግራዝማች አስማማው መጥቶ ከሬሳው አጠገብ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ማን ነው የተኮሰው፥ ጋሼ?»

«አገር ነው የተኮሰው።»

«የተኮሰው እጅ የአንድ ሰው ነው፤ ስም አለው።»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ጋራው አዞረ፤ የተኳሹንም ስም ይዞት ሞተ። ዓመቱ ሳያልፍ ጎጃም ሸፈተ፤ ጦር ዘመተ፤ አስማማውም ከብዙዎች ጋር ወደቀ፤ የአዋጁም ጉልበት በኋላ ላላ።

ያን መደብ ያጨደችው ብቻዋን ነው። ለከርሞ ዘራችው፤ በዛ፤ ዋግም አልነካው። ነዶ ባሰረች ቁጥር መዳፏ ውስጥ ገመድ ሲሳብ ይሰማታል፤ ቀና ብላም ጋራውን ታያለች። ጎረቤቶቿ በመጀመሪያ ደም የፈሰሰበት እህል ነው ብለው ሸሹት፤ ዋጉ ደጋግሞ ሲመታቸው ግን አንድ በአንድ ዘር ሊለምኑ መጡ። እርሷም አቁማዳ ይዞ የመጣውን ሁሉ፥ ይህ ይሆን እያለች ፊቱን ትክ ብላ ታየዋለች፤ ከዚያም ሰፍራ ትሰጠዋለች።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ስለ አዋጁ፥ ስለ ሸፈተው አገርና ስለ ዘመተው ጦር ጻፉ፤ አልቃሾችም ለአስማማው ግጥም ሰጡት። በደብሩ ቅጥር ከእንግዶች መቃብር የተኛውን ወልደ ሩፋኤልን ያነሳው የለም። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ በዚያ ቁልቁለት ያለው ገበሬ ሁሉ፥ ምናልባት የተኮሰውም ሰው፥ ከዚያ ስንዴ ልጆቹን ያበላ ነበር፤ ወለተ ሐዋርያት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀምሰው ሞተች።