ማንም ያላነሳው ቀለሃ

ልዑልቃል ታኅሣሥ ላይ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ከባሮ ማዶ ባለው ረግረግ፣ ቄጠማ ውስጥ ተደፍቶ ተገኘ። ደረቱ በወፍ ጠመንጃ ተመቷል። ከጎኑ የወደቀው ጆንያ ዘወትር በሚለቅመው ቆሻሻ ተሞልቷል፤ ቆሻሻው በወፍ ጠመንጃ ጥይት ውስጥ የእርሳስ ፍሬዎቹን አቅፎ፣ ሲተኮስ አብሯቸው የሚወጣ ትንሽ የፕላስቲክ ስኒ ነው።

ዘመኑ 1988 ነበር። የጋምቤላ ክልል ገና መንግሥት መሆንን ይለማመዳል፤ ማኅተሙ ቢደርስ ቀለሙ አልደረሰም። የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው ልዑልቃል ግን ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ዳክዬዎቹ እርሳሱን ከጠጠር ጋር እየዋጡ አንገታቸውን ማቅናት አቅቷቸው ይሞታሉ፤ ፕላስቲኩም ከዓሣ ሆድ ይወጣል። በረግረጉ ላይ እርሳስ እንዳይተኮስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎ የራሱ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ወሬው ወዲያው ተበጀ። የአደን ካምፑ የውጭ እንግዳ ከረግረጉ ውሃ ማዶ ዳር ሆኖ ዳክዬ ሲተኩስ ስቶ መታው ተባለ። እንግዳው በዚያው ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያው በሮ ሄዷል። ሰማይ አይታረስ ይባላል፤ በሰማይ የሄደም አይከሰስም። ስለዚህ የእንግዳው መንገድ መሪ የነበረው ኑዌሩ ቢየል በቸልተኝነት ታሰረ። ለሟች ሚስት ለነርሷ ሊድያም «በድንገተኛ አደጋ ሞቷል» የሚል ወረቀት ቀረበላት። ከፈረመች ፋይሉ ይዘጋል፤ ቢየልም ወህኒ ይወርዳል።

ሊድያ አልፈረመችም። ሰኞ ጠዋት ከወረቀቱ ጋር አንድ ብልቃጥ ይዛ መርማሪው ሻምበል ኦቹዶ ቢሮ ገባች።

«ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቁስሉ ውስጥ ይህን አገኘሁ» አለች። ብልቃጡ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ስኒና ጥቂት ፍሬዎች ነበሩ።

ኦቹዶ በባሮ ዳር መረብ እየጎተተ ያደገ ቀጭን አኙዋ ነው። አማርኛው አጭር ስለሆነ ሐሳቡም አጭር የሚመስላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ኋላ ተጸጽተዋል። አኙዋ ኑዌርን ለማሰር አይለመንም ብለው የተማመኑም አልጠፉም። አንድ ባለሥልጣን ፋይሉን እስከ ረቡዕ እንዲዘጋ አዝዞት፣ በትሕትና እሺ ብሎ ወጥቶ ነበር። የኦቹዶን እሺ የሚያውቅ ግን አያምነውም።

አንዷን ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ነከሳት። የጥርሱ ምልክት ታተመባት።

«ትፋው ሻምበል፤ መርዝ ነው» አለች ሊድያ።

«አባቴ መረቡን በእርሳስ ሲያከብድ እንዲህ እየነከሰ ነበር የሚያጣብቀው። መርዝ መሆኑን የነገረን ባልሽ ነው» አለና ወደ መስኮቱ ሄዶ ተፋት።

ከዚያ ከሦስት ሰዎች ጋር ተነጋገረ። ሦስቱም ደብዳቤው ከጸደቀ እንጀራቸው ይጎድላል። ጥይት የሚሸጠው ነጋዴ ሱሌማን፣ የካምፑ ኃላፊ ወልደሥላሴና ቢየል ናቸው። ብዙ አልጠየቃቸውም። እሑድ ከሰዓት ፖሊሶች ማዶ ዳር ላይ የእንግዳውን የውጭ አገር ቀለሃ አግኝተው ነበርና፣ ባዶ ቀለሃ ረግረጉ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ብቻ ጠየቀ።

ሱሌማን ሳቀ። «እስከ ቀትር ሱቄ ይደርሳል። ሴቶቹ በእሱ ቁንዶ በርበሬ ስፈርልን ብለው ያመጡታል።»

ወልደሥላሴ ትከሻውን ነቀነቀ። «ቆሻሻ ምን ይሆናል? ጎርፍ እስኪወስደው ይቀመጣላ።»

ቢየል በእስር ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ተማረረ። «ያ እንግዳ ንፉግ ነው፣ ሻምበል። ለእናቴ ትምባሆ መያዣ አንድ ቀለሃ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። በአገሬ ጥሎ መሄድ ነውር ነው አለ። ሁሉንም ለቅሞ ለካምፑ አስረከበ። እዚያ ዳር አልሄድንም ብልስ ማን ያምነኛል?»

«እኔ» አለ ኦቹዶ።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም ካምፑ ግቢ ባለው ማንጎ ሥር ሰበሰባቸው። ባለሥልጣኑም መጣ፤ ፋይሉ ሲዘጋ ሊያይ። ኦቹዶ ስኒዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይቺ ቀላል ናት። ከአፈሙዝ ጥቂት ሜትር ሄዳ ትወድቃለች፤ ውሃ አትሻገርም። ከሟች ቁስል ከወጣች፣ ገዳዩ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር ማለት ነው።»

ቀጥሎ እንግዳው ካምፑ ውስጥ ትቶት የሄደውን ያልተተኮሰ ጥይት በቢላ ቀዶ ፍሬውን ነከሰ። ጥርሱ ተንሸራተተ።

«ይሄ ብረት ነው። በአገሩ እርሳስ ለውሃ ወፍ ክልክል ነው፤ ልዑልቃል ለእኛም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ልዑልቃልን የገደለው ግን እርሳስ ነው።»

«ታዲያ ማዶ የተገኘው የእንግዳው ቀለሃስ?» አለ ባለሥልጣኑ።

«ራሱ ቀለሃው ነው የነገረኝ። ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ሬሳ ለማየት በሁለቱም ዳር ፈሷል። እሑድ ከሰዓት ድረስ አንድ ቀለሃ ሳይነሳ ቀረ? ጋምቤላ ውስጥ አይሆንም። ዘግይቶ የተቀመጠ ነው። ሱሌማን ይህን ያውቃል፤ ቢየልም ያውቃል። ቆሻሻ ነው፣ ይቀመጣል ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

እግር ወለም ቢል በቅቤ ይታሻል፤ አፍ ወለም ቢል በምን ይታሻል? ወልደሥላሴ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። የክፍሉ ቁልፍ የሚንጠለጠለው እዚያ ነው።

«እንግዳው ያስረከበው የቀለሃ ካርቶን እርስዎ ክፍል ተቆልፎበታል፣ አቶ ወልደሥላሴ። ቁልፉም ከአንገትዎ አይወርድም። ቀለሃው ከዚያ ካልወጣ ከየት ወጣ?»

ወልደሥላሴ እጁን ከአንገቱ አወረደ።

«ለመንኩት» አለ። «ደብዳቤውን ተወው ብዬ በማለዳ ረግረጉ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ጎንበስ ብሎ ፕላስቲኩን ይለቅማል እንጂ ቀና ብሎም አላየኝ። ስሙን ስጠራው ቀና አለ።» ከዚያ ወደ ሊድያ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ደብዳቤው ግን አልተፈረመም። ነገም እርሳሱ ይተኮሳል።»

ሊድያ እያለቀሰች ነበር፤ እንባዋን ግን አልጠረገችም። ባለሥልጣኑ ለሦስት ቀን እንድትፈርም ሲለማመጣት የነበረበትን እስክርቢቶ ከኪሱ ላይ መዘዘችው። የባሏን ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥታ ስሟን ከስሙ ሥር ጻፈች።

ገና ካቴናው የተፈታለት ቢየል ጠጋ አለ። ደብዳቤው ከጸደቀ የመንገድ መሪነት ሥራው እንደሚያበቃ ያውቃል። አውራ ጣቱን የእስክርቢቶውን ቀለም ቀብቶ ከስሟ አጠገብ አተመ። ከዚያ ከማስረጃዎቹ ጋር የመጣውን የልዑልቃልን ጆንያ ትከሻው ላይ ጣለና የቀረውን ሊለቅም ወደ ረግረጉ ወረደ።