የሚያልበው ማሰሮ

ኤልያብ መጀመሪያ ያያት በእናቱ ደጅ እስከ ክርኗ ጭቃ ለብሳ፣ የተንጋደደ ማሰሮ ላይ ስታኮርፍ ነው። እንዲህ ሆኖ ማንም ቆንጆ አይመስልም፤ እሱ ግን ያኔውኑ ወደዳት።

«እማ፣ ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«የገበሬው የጎሳዬ። ኤፍራታ ትባላለች።» ሸክላ ሠሪዋ እናቱ አለምነሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አርፈህ አፈርህን ተሸከም።»

ከጂንካ ወረድ ብሎ ባለው በዚያ የአሪ መንደር ገበሬ ከሸክላ ሠሪ ድስት ይገዛል እንጂ ቤቱ ገብቶ ውሃ እንኳን አይጠጣም። መጋባትማ አይታሰብም።

ኤፍራታን እዚያ ያደረሳት የአባቷ ስኳር በሽታ ነው። መንደሩ መብራት የለውም፤ ኢንሱሊኑ በሙቀት ተበላሽቶ ጎሳዬን ለጥቂት አተረፉት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ጂንካ ዘመድ ቤት ተቀምጦ፣ እሱ በየቀኑ ዳገቱን እየወጣ ይወጋ ነበር። አቅሙ ግን እያለቀ ሄደ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ታዲያ መላ ነገረቻቸው። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ፣ በመሃሉ እርጥብ አሸዋ፣ መድኃኒቱ ከውስጠኛው።

እንዲህ ልክ ለልክ የሚገጥም ማሰሮ ገበያ ላይ ስላልነበረ ኤፍራታ ልታሠራ አለምነሽ ዘንድ ሄደች። አለምነሽም፣ «ሸክላ ነው፣ ይሰበራል። በተሰበረ ቁጥር ከምትመላለሺ ቁጭ ብለሽ ተማሪ» አለቻት።

ተማረች። አንዱ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ተንጋደደ። ቀጥሎ የሠራችው ግን ሲያምር! ከደስታዋ ብዛት ቤቷ ወስዳ፣ እንደማንኛውም አዲስ ድስት ዘይት ቀብታ አሟሸችው። ውስጡ ግን አልቀዘቀዘም። በማግስቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተሸክማው መጣች።

ኤልያብ ዳበሰውና ሳቁ አመለጠው።

«አሟሽተሽዋል!»

«ታዲያ አዲስ ሸክላ አይሟሽም?»

«ለወጥ ከሆነማ ይሟሻል። ይሄኛው ማላብ አለበት፤ ካላበ ነው የሚቀዘቅዘው። ዘይቱ ደፍኖታል።»

«አባቴ እየደከመብኝ ነው፣ አንተ ትስቃለህ!»

 ኤልያብ ጭቃውን ከፊቷ ወስዶ ያሸው ጀመር። እዚያ መንደር ሸክላ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አፈር ይቆፍራል፣ እንጨት ይሸከማል እንጂ ጭቃ አያሽም። ጎረቤት ቆሞ እያየው፣ ቀና ሳይል አሸላት። ኤፍራታ እጆቹን ስታይ ቆየች። ወደደችው።

አዲሱ ማሰሮ አላበ። ጎሳዬም ዳገቱን ከመውጣት ተገላገለ፤ ጠዋት ጠዋት የማሰሮውን እርጥበት ሳይዳብስ አይወጣም። ሌሎች የስኳር ሕመምተኞችም «ለእኛም ሥሪልን» አሏት። እሷ ሠራች፣ ኤልያብ አሸ።

የኤልያብ ሽማግሌዎች ሲመጡ ግን ጎሳዬ አሻፈረኝ አለ።

«ልጄን ለሸክላ ሠሪ?»

«አባዬ» አለች ኤፍራታ፣ ጥፍሯ ሥር ጭቃ የገባበትን እጇን ዘርግታ፣ «እኔስ ምንድን ነኝ?»

 ጎሳዬ ብዙ ቀን አኮረፈ፤ ማሰሮውን መዳበሱን ግን አልተወም።

አንድ ቀን ፀሐይ ሲበረታ ዱላውን ይዞ አለምነሽ ደጃፍ ቆመ። ኤልያብና ኤፍራታ ከጭቃው ላይ ተነሡ። ግባ ለማለት የደፈረ አልነበረም። ራሱ ገብቶ በርጩማ ሳበ።

«አለምነሽ፣ ጠምቶኛል።»

ውሃ በቅል ቀድታ ሰጠችው። ጎሳዬ ሳያቋርጥ ጨልጦ ጠጣና ባዶውን ቅል ለኤልያብ ዘረጋለት።

«ልጄ፣» አለው፣ «እስቲ ድገመኝ።»