ሰባቱ የባሕር ላሞች

ህሊና የእትዬ ጠጅቱ ሸክላ መሥሪያ ቤት እስክትደርስ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ታለከልካለች። ስድስት ዓመት ባሕር ጠረፍ ኖራ ስትመለስ የደብረ ብርሃን ከፍታ ከብዷታል። በሩን ስትገፋው እርጥብ ጭቃና የኩበት ጭስ ይቀበላታል፤ ከጣሪያው ሥር በተተወችው ጠባብ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ግድግዳ ተደግፈው የሚደርቁትን እንስራዎች እስከ ወገባቸው ብቻ ያሳያል።

ሸክላ የተማረችው በጃፓን ደቡብ ባለች ደሴት ነው። እዚያ ባሕር ውስጥ ሣር የሚግጡ፣ ለመተንፈስ ብቻ ብቅ የሚሉ የባሕር ላሞች ነበሩ፤ አሁን የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ለምታሳየው ዐውደ ርእይ ሰባት የባሕር ላሞችን ከጭቃ እየሠራች ነው። «ካልሆነልኝ ወደ ጃፓን እመለሳለሁ» ብላ ለአባቷ ነግራቸዋለች። መምህሯ የመመረቂያ ሥራዋን አይቶ «ያምራሉ፤ ግን አይተነፍሱም» ያላት ቃል እስካሁን አለቀቃትም።

የአንዱን የባሕር ላም ሁለት የጭቃ ግማሾች ገጥማ፣ አፍንጫው ላይ በተወችው ቀዳዳ ሸምበቆ አስገብታ ሆዱ እስኪወጠር መንፋት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ልጅ?» አሏት እትዬ ጠጅቱ።

«እየነፋሁት ነው እትዬ። አለዚያ ሆዱ ይሰረጉዳል።»

«አርባ ዓመት ስሠራ ጭቃ ውስጥ ተንፍሼ አላውቅም። የኛ ዕቃ አፉ ክፍት ነው፤ የገባው ይወጣል። ይኼ ዝሆን ግን ያስገባሽበትን ይመልስልሻል?»

«ዝሆን አይደለም፣ ላም ናት።»

«ቀንዷስ? ጡቷስ? አይ የፈረንጅ ላም!»

ሁለቱም ሳቁ። ህሊና ጎንበስ ብላ ቀጣዩን ነፋች።

ሰባተኛውን በጨረሰች ማግስት፣ እትዬ ጠጅቱ ገበያ ወርደው ብቻዋን ሳለች፣ ከመደርደሪያው አጭር ድምፅ ሰማች፤ ውሃ ያዘለ፣ ከባሕር ብቅ ያለ አፍንጫ ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ጭቃ ሲደርቅ ይንቋቋል ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ቀጥሎ ድምፁ ከሁለተኛው የባሕር ላም መጣ፤ ከዚያ ከሦስተኛው፤ በተሰለፉበት ተራ እስከ ሰባተኛው ሄዶ ጸጥ አለ። ስልኳ ላይ ሰዓት አየች። ልክ በስድስት ደቂቃው፣ እውነተኞቹ የባሕር ላሞች ለመተንፈስ ብቅ እንደሚሉት፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ቤቱ ውስጥ የባሕር ሣር ሽታ ነበር። የአንደኛውን አፍንጫ በጣቷ ነካችና ቀመሰችው፤ ጨው ጨው አላት።

በማግስቱ ዳገቱን ሳትቆም ወጣች፤ ማለክለክም አልነበረም። ሰውነቴ አገሩን ለመደ ማለት ነው ብላ ደስ አላት።

ድምፁ ግን ቀን በቀን እየጎላ ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ መታገሥ አቃታትና ሰባቱንም ቀዳዳ በጭቃ ደፍና ወጣች። ቤቷ ሳትደርስ ደረቷ ታፈነ። ሌሊቱን ሙሉ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ አየር ስትለምን አድራ፣ ጎህ ሲቀድ ድንገት ለቀቃት። ሸክላ ቤቱ ስትደርስ ሰባቱ የጭቃ ውታፎች ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ወደ ውጭ ተገፍተው፣ ርሰው።

እትዬ ጠጅቱ ውታፎቹን አንድ በአንድ አነሱና ቁና ቁና ተነፈሱ። «እንዲህ ደፍነሽ እሳት ውስጥ ብትከቻቸው ፈንድተው የእኔንም ዕቃ ይጨርሱት ነበር።» ውታፎቹን ወደ ደጅ ወረወሩ። «ተያቸው ልጄ። ሌላ ሥሪ፤ አፉ ክፍት የሆነ።»

«ጊዜ የለኝም እትዬ። እነዚህ ከተበላሹ አበቃልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሰባቱን በሸክላ መተኮሻው ጉድጓድ ውስጥ ደርድረው፣ ኩበትና ጭድ ከምረው ለኮሱ። በማለዳ አመዱን ሲገልጡት ሜዳውን ውርጭ ሸፍኖት ነበር።

«አንዱም አልተሰነጠቀ! ተረፉልሽ!» አሉ እትዬ ጠጅቱ። ትንፋሻቸው በብርዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከአመዱ መሐል፣ ከሰባቱ አፍንጫዎች፣ በተራ በተራ፣ ቀጭን ነጭ እንፋሎት ተነሣ።

«ሙቀቱ ገና አልለቀቃቸውም» አለች ህሊና አንዱን ከአመዱ አንሥታ፤ ያቀፈችው ሸክላ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

እትዬ ጠጅቱ ወደ እሷ ዞረው አፏን አተኩረው አዩ።

«ልጄ... አንቺን አይበርድሽም?»

«ኧረ በጣም እንጂ፣ እትዬ» አለች፤ ከአፏ ፊት ያለው አየር ግን ነጭ እንፋሎት ሳይታይበት ጥርት እንዳለ ቀረ።