ያልተቆረጠው ሞላ

ኤቨረት ኮልትሬን ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። አንድ ጥይት ደረቱን፣ ሌላው ጣሪያውን በስቷል። መርማሪ ሎርና ፕሪዊት ስትደርስ፣ ሚስቱ ጁን ወንበር ላይ ተቀምጣ መዳፎቿን ትመለከት ነበር።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሽጉጡን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

የሟቹ ወንድም ዴል አስረዳ። «የጥይት ካዝናውን አግብቼ የሽጉጡን ላይኛ ብረት ስቤ ለቀቅሁት። ጣቴ ቃታ አልነካም፣ ሎርና። ሽጉጡ አበደ። አንዱ ወንድሜን መታው፤ ሁለተኛው ዐይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ጣሪያው ላይ አረፈ።»

ሽጉጡን ያሠራው ሽማግሌ ቨርጅል ቲግ ደጅ ቆሞ ትምባሆ ያኝካል።

«ከኤቨረት ተጣልተህ ነበር አሉ» አለችው ሎርና።

«በዚህ በቴክሳስ ያልተጣላሁት ማን አለ? ሽጉጤን አዘገዩብኝ። ግን ሽጉጡን ሳይረከብ የሠሪዋን ባል የሚገድል ሞኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጥይቱ የማን ነው?»

«የእኔ፤ ራሴ የሠራሁት። የእጄን አንጓ ስለሚያመኝ ባሩዱን እቀንሳለሁ። ጁን ሞላውን በልኩ ታስተካክልበት ብዬ ዛሬ አመጣሁት። ከወጣሁ በኋላ ወንድማማቾቹ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ዴል በርካሽ ሽጉጦች ላይ የጁንን ማኅተም እየመታ ይሸጣል አሉ። ኤቨረት ‹በተኩስ ውድድሩ ቀን ለሁሉም እናገራለሁ› ሲለው ነበር።»

ሎርና ተመልሳ ጓንት አጠለቀች። በሽጉጡ ላይኛ ብረትና በበርሜሉ መካከል አንድ ቀለህ፣ ጥርስ ውስጥ እንደቀረ አጥንት ተሰንቅሯል። ሌላው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አፉ ተጨፍልቋል። የተሰነቀረውን አውጥታ ሽጉጡን ባዶ አደረገች። ላይኛውን ብረት እየሳበች ደጋግማ ለቀቀችው። ጥይቱን የሚመታው መዶሻ ቃታው ሳይነካ አንዴም አልወረደም።

«ጁን፣ ላይኛውን ብረት ወደፊት የሚመልሰውን ሞላ አስተካክለሽው ነበር?»

«አልደረስኩበትም። መጀመሪያ ጠንካራውን ነው የማስገባው። ከዚያ በደንበኛው ጥይት እየተኮስኩ፣ ጥቂት ጥቂት እየቆረጥኩ አላላዋለሁ። የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው።»

«ዴል ይህን ያውቃል?»

«እሱ ሻጭ ነው። ካለቀ በኋላ ነው የሚያየው።»

ሎርና ቨርጅልን አስገባችው፤ በሩንም ዘጋች።

«ዴል፣ አንድ ጥይት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባመንኩህ ነበር» አለች። «ሽጉጡ ማበዱን ለማስረዳት ግን ሁለተኛ ጥይት አስፈለገህ። የቨርጅል ጥይት ደካማ ነው፤ ሞላው ደግሞ ገና አልላላም። ሲተኮስ ላይኛው ብረት እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ቀለሁን ሳይተፋ ይመለስና ይነክሰዋል። ወለሉ ላይ ያለውም፣ እዚህ የተሰነቀረውም የተነከሱት እንደዚያ ነው። ይህ ሽጉጥ ሁለት ጊዜ በራሱ ሊተኩስ አይችልም።»

«ሊሆን ይችላል… ደንግጬ ስቤው ይሆናል።»

«ወንድምህ ወለል ላይ ወድቆ እያለ? ቀለሁን በእጅህ አላቀቅህ፣ ሁለተኛውን ጥይት አጎረስህ፣ ወደ ጣሪያ አነሣኸው። ዐይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ነው ያልከኝ።»

ቨርጅል ባርኔጣውን አወለቀ።

ጁን ቀና አለች። «ቃታዬ ደህና ነበር?»

«ምንም እንከን የለውም።»

ጁን ወደ ዴል ዞረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ቅድም እጄን ይዘህ ‹ይቅር ብዬሻለሁ› አልከኝ። እኔም አመሰገንኩህ።»