የመስኮቱ ኮምፒውተር

«ይሄ ኮምፒውተር ሞቷል አልኩሽ እኮ! የታይፒንግ ፕሮግራሙ ከሜኑው ጠፍቷል» አለች መሲ።

«ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ?» አለች ኤፍራታ።

«ዝም ብዬ እጽፍበታለሁ። ተሰልፎ ከመቆም አይሻልም?»

ነገሩ ኤፍራታን ከነከናት። የታይፒንግ ፈተናው አርብ ነው። ሌላው ተማሪ ሦስት ሦስት እየሆነ በአንድ ኮምፒውተር ይጋፋል። መስኮቱ ሥር ያለውን ግን «ቫይረስ አለበት» ብለው ከመሲ በቀር የሚጠጋው የለም።

ቫይረሱን አመጣ የተባለው የክፍላቸው ልጅ ቦሼ ነው። ፍላሹን በሰካ ማግስት ፕሮግራሙ ጠፋና የኮምፒውተር መምህሩ ቲቸር ፈለቀ «ሁለተኛ እዚህ ክፍል እንዳትደርስ!» ብለው አባረሩት። ከቀይ አፈር ከተማ መጥቶ ጂንካ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ሌላ ኮምፒውተር ከየት ያመጣል? አርብ ካልተፈተነ ዜሮ ነው። ምስኪን! ካርቶን ላይ ፊደላቱን ስሎ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ ጣቶቹን ያለማምዳል።

በምሳ ሰዓት ኤፍራታ በኮምፒውተር ክፍሉ በኩል ስታልፍ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ሰማች። ደግሞ «ጢጥ»። ፊደል ሲሳሳቱ እንዲህ የሚጮኸው የታይፒንግ ፕሮግራሙ ብቻ ነው። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለች በልቧ። ኮቴዋን ሳታሰማ ገባች።

መሲ ብቻዋን ናት። ልምምዷን ዘጋችና የሜኑ ማስተካከያውን ከፈተች። የፕሮግራሞቹ ስም ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ትንሽ የራይት ምልክት አለ። የታይፒንጉን ምልክት ስታነሳው ስሙ ከሜኑው እልም አለ።

«ለካ አልጠፋም!» አለች ኤፍራታ።

መሲ ዘላ ተነሳች። «ኤፊ! ደበቅኩት እንጂ አላጠፋሁትም። እየተጋፋሁ መቼ ልለምድ ነው? እጄ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቂ የለ?»

«ቦሼስ?»

«እኔ መቼ ስሙን ጠራሁ? እነሱ ናቸው እሱ ነው ያሉት። አርብ ካለፈ እመልሰዋለሁ። በእናትሽ፣ ለማንም እንዳትናገሪ!»

«ሼም የለሽም እንዴ?» ኤፍራታ በጣም ተናደደች፤ ደግሞ አንጀቷን በላቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ብትናገር መሲ ጉድ ይፈላባታል። ግን ፕሮግራሙ አርብ ካለፈ በኋላ ቢመለስ ለቦሼ ምን ይረባዋል?

ማውሱን ወስዳ ምልክቱን መለሰች። ስሙ በቦታው ብቅ አለ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች መሲ።

ኤፍራታ መስኮቱን ከፈተች። «ቦሼ! ካርቶኑን ተወውና ቲቸር ፈለቀን ጥራቸው!»

ከዚያ ዞራ ሁለት ወንበር ሳበች። «አንቺው ብትነግሪያቸው ይሻላል። እኔ የትም አልሄድም፤ አጠገብሽ ነኝ።»

መሲ ቆማ ቆማ፣ ተቀመጠች።